ተርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ሲታፈን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ነው። ዳገት ሲጀምር ጉልበቱ ይከዳዋል። ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል እንጂ መኪናው አይስብም። የናፍጣ ፍጆታውም ጨምሯል። አይሱዙም ይሁን ሲኖትራክ፣ ይህን ይዞ ሲመጣ ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨውን) ከመፍታታችሁ በፊት የአየር መግቢያውን እዩ። የናፍጣ ፊልትሮው ተቀይሯል፣ የውጩ የአየር ፊልትሮም ወጥቶ ታይቷል ብዬ ልቀጥል።

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ገብቷል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አንሷል ማለት ነው። ናፍጣ ያነሰው ሞተርም ጉልበት ያጣል፤ ጥቁር ግን አያጨስም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከመጡ ወይ ከተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው) በፊት ታፍኗል፣ ወይ ከተርቦው በኋላ አየር እያመለጠ ነው። የተቀደደ የኢንተርኩለር (ከተርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ማኒኮቶ፣ ማለትም የላስቲክ ቱቦ፣ በጭነት ጊዜ ፍሽሽ ይላል፤ ዙሪያውም በዘይት ይረጥባል። ያ ከሌለ ወደ ፊልትሮው ተመለሱ።

እንደ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ ያሉ ኮመን ሬል (የናፍጣውን መርጨት ኮምፒውተር የሚያዝባቸው) ሞተሮች ላይ ጭስ አትጠብቁ። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር ስለሚለካ ናፍጣውን ራሱ ይቀንሳል። ጉልበት ብቻ ይጠፋል።

አገራችን ከፍታ ላይ መሆኗንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያልታወቀ መታፈን ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ራሱን ያሳያል።

በግምት አትሥሩ፣ ለኩ

ብዙ ከባድ መኪኖች ከፊልትሮው በኋላ የተገጠመ፣ ሲታፈን ቀይ የሚያሳይ ጠቋሚ አላቸው። እኛ ጋ የሚመጡት ላይ ግን ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ቀይ ባሳየ ቁጥር ቁልፉን ተጭነው መልሰውታል። ቁልፉን መጫን ፊልትሮ አያጸዳም!

በውሃ መለካት ይቻላል። 3 ሜትር ያህል ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ግዙ። መሃሉን አጥፉና ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ አቁሙ። እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት። አንዱን ጫፍ ጠቋሚው በሚገባበት ቀዳዳ ላይ በሌላ ቱቦ አጥብቃችሁ አገናኙ፣ ሌላውን ክፍት ተዉት። ሞተሩ ሲስብ ውሃው በአንዱ በኩል ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 63 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ 6.2 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ብዙ አምራቾች ለተርቦ ናፍጣ ሞተር ያስቀመጡት የመጨረሻ ገደብ ይህ ነው። የመኪናችሁ ማኑዋል ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ያዙ።

ልኬቱ መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይሁን። ቆሞ ሲረገጥ ተርቦው ብዙ አየር ስለማይስብ ቁጥሩ ያታልላል። ቱቦውን የሚያነበው ረዳቱ ነው፤ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አያንሳ።

ደጋግሞ የሚመጣው፦ የውስጡ ፊልትሮ

ሹፌሩ "የአየር ፊልትሮ አዲስ ነው፣ ትናንት ነው የቀየርኩት" ይላል። እውነቱን ነው። የውጩ አዲስ ነው። ከውስጡ ያለው ትንሹ ግን መኪናው ከተገዛ ጀምሮ አልወጣም። አንዳንዱ ሹፌር መኖሩንም አያውቅም። ከአፋር መንገድ የመጣ አንድ ከባድ መኪና ላይ የውጩ ገና ነጭ ሆኖ የውስጡ ግን ሲነካ ዱቄት የሚያራግፍ ነበር። ኖዝሎቹ ሌላ ጋራዥ ሁለቴ ተፈትተዋል።

እዚህ ላይ ቀይሮ መሸኘት በቂ አይደለም። የውስጡ ፊልትሮ የሚታፈነው የውጩ አቧራ ሲያሳልፍ ነው። ስለዚህ የውጩ ለምን አሳለፈ?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ጎሚስታ ቤት ነው። ረዳቱ ፊልትሮውን ይዞ ይሄዳል፣ የከባድ መኪና ጎማ በሚሞላ 8 ባር ገደማ ኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። ወረቀቱ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ስለሚያህል በዓይን አይታይም። ሌላው ደግሞ ከጎማ ጋር እያጋጨ ያራግፈዋል፤ ጠርዙ ይጣመምና ላስቲኩ አይገጥምም። በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣም አለ። እባካችሁ ተዉ! አምራቹ ይታጠባል ያላለው ወረቀት አይታጠብም።

የግድ መንፋት ካለባችሁ ግፊቱ ከ2 ባር አይለፍ። አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። ጫፉን ወደ ወረቀቱ አታስጠጉ። ሲያልቅ ጨለማ ቦታ አምፖል ውስጡ አስገቡና ዙሪያውን እያዞራችሁ እዩ። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነጥብ ካያችሁ ፊልትሮው ሞቷል፣ ጣሉት። የውስጡ ደግሞ በፍጹም አይነፋም፣ አይራገፍም፣ አይታጠብም፤ ይቀየራል እንጂ። የውጩን ሦስት ጊዜ ስትቀይሩ የውስጡን አንድ ጊዜ ቀይሩ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ኮፒ ፊልትሮ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ገበያ ሂዱና ጎን ለጎን አቁሟቸው። ኮፒው በጥቂት ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ቤቱ ይዘጋል፣ ላስቲኩ ግን አይጫንም። እጥፎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሙጫቸው የተዝረከረከ ነው። ይህን የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው የሞተር ጥገና ነው። ሞተርን በሚያህል ንብረት ላይ በፊልትሮ ዋጋ መቆጠብ ያናድደኛል።

ከሁሉ የከፋው "መፍትሄ" የውስጡን አውጥቶ መጣል ነው። መኪናው ወዲያው ጉልበት ያገኛል፣ ሁሉም ይደሰታል። እንዲህ የተደረገ አንድ አይሱዙ ከወራት በኋላ ሰማያዊ እያጨሰ፣ ዘይት እየበላ መጣ። የተርቦው ክንፎች ጠርዝ ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ የፒስተን ፋሻዎቹ አልቀዋል። ሙሉ ሞተር ተፈታ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ። ከፊልትሮው ወደ ተርቦው የሚሄደውን ማኒኮቶ ፍቱና ውስጡን በንጹህ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ደቃቅ አቧራ ካለ ከፊልትሮው በኋላ አየር እየገባ ነው። ፊልትሮው፣ ላስቲኩ፣ ፋሸታው (የማኒኮቶው ማሰሪያ)፣ ማኒኮቶው ሁሉም ይፈተሹ።

ተጠንቀቁ፦ ሞተሩ እየሠራ ማኒኮቶውን አትፍቱ። ተርቦው ጨርቅ፣ የሸሚዝ እጅጌ፣ ጣትም ይስባል። ለሙከራ ብላችሁም ያለ ፊልትሮ አትንዱ።

ጋራዥ ውስጥ የማይታየው፦ የሚጣበቅ ማኒኮቶ

በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ቆሞ ሲዞር) ምንም የለም። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ሲስብ ያረጀው ላስቲክ ወደ ውስጥ ይጣበቃል፤ ሲቆም ይመለሳል። በእጃችሁ ጨብጡት፤ በቀላሉ ከታጠፈ ቀይሩት። ውጩ ጤነኛ ሆኖ የውስጡ ሽፋን ተላጦ መንገዱን የዘጋም አለ፤ ፈትታችሁ በባትሪ እዩ። የራዲያተር ማኒኮቶ ወይም የውሃ ቱቦ ቆርጦ መግጠም አይሆንም። ሽቦ ያለውን፣ ለመሳብ የተሠራውን ግዙ።

ከፊልትሮው ቤት በታች ያለችው ላስቲክ

አቧራ የምትተፋው ላስቲክ በጭቃ ከተደፈነች አቧራው ሁሉ ፊልትሮው ላይ ይከማቻል፤ አዲሱ በአጭር ጊዜ ይታፈናል። ከጠፋችም ቀዳዳዋን በጨርቅ አትወትፉ፤ አቧራው መውጫ ያጣል። ኮረኮንች ላይ የሚሠራ ሹፌር በየጊዜው በጣቱ ይጫናት።

አልፎ አልፎ የሚገጥም፦ ብዙ ቀን ቆሞ የሰነበተ መኪና ላይ የአይጥ ጎጆ፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ወረቀት፤ ጋራዥ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ፤ የማይከፈት የመግቢያ ባልቦላ፤ በጥላሸት የጠበበ ማኒፎልድ።

"ተርቦው ዘይት ይጥላል" ሲባል

መግቢያው ሲታፈን ተርቦው ፊት ለፊት ያለው መሳብ ይበረታና ዘይት ከተርቦው ይመዘዛል። ማኒኮቶው ሲፈታ ዘይት ይታያል፣ ተርቦው ይፈረድበታል። አንድ ባለንብረት ተርቦ ሁለቴ ቀይሮ ነው የመጣው፤ ሁለተኛውም ዘይት ጣለ፣ ጥፋቱ ግን የታፈነ የውስጥ ፊልትሮ ነበር። ተርቦ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክንፎቹን እዩ፣ ዘንጉን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ ሞክሩ። ክንፎቹ ስለታም ከሆኑና ዘንጉ ካልተንቀዋለለ መታፈኑን አስወግዱ፣ ዘይቱን ከማኒኮቶውና ከኢንተርኩለሩ አጽዱ፣ ጭናችሁ ጥቂት ቀን ንዱና እንደገና ፈትታችሁ እዩ። ደርቆ ከቆየ ተርቦው ይቀጥላል።