በቆየ ላፕቶፕ ላይ የጽሑፍ ከርሰር እንዳይጠፋ ማድረግ

ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ከሆነ፣ አንድ ፒክስል (የስክሪኑ ምስል የሚሠራበት ትንሽ ነጥብ) ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሰፋው። ዊንዶውስ ደግሞ ካልነኩት በቀር የጽሑፍ ከርሰሩን አንድ ፒክስል ብቻ አድርጎ ያስምረዋል። ብልጭ ድርግም ስለሚል ግማሹን ጊዜ ከነጭራሹ የለም። በዚህ ላይ የስክሪኑ መብራት ከደከመ ወይም የተጠቃሚው ዓይን መነጽር መፈለግ ከጀመረ፣ መስመሩ ገጹ ላይ ቢጠፋ አይገርምም። ማስተካከያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ከርሰር ያጎላሉ እየተባሉ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ፕሮግራሞች ለቆየ ማሽን ተጨማሪ ሸክም ናቸው፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ቫይረስም ይመጣል።

በመጀመሪያ የጠፋው የቱ እንደሆነ ይለዩ። የኪቦርዱን ቀስት ሲጫኑ የሚንቀሳቀሰው፣ ፊደል የሚገባበት ቀጭን መስመር የጽሑፍ ከርሰር ነው። ታችፓዱን ሲነኩ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ የማውዝ ጠቋሚ ነው፤ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ መልኩን ለውጦ ሁለት ጫፉ የተሰነጠቀ ዘንግ ይመስላል። የሁለቱ ማስተካከያ የተለያየ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ማውዙን አተልቆ «ምንም አልተለወጠም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጊዜው ከርሰሩ የት እንዳለ ለማወቅ የግራ ቀስትን፣ ቀጥሎ የቀኝ ቀስትን አንድ አንዴ ይጫኑ። ገጹ ርቆ ሄዶ ከሆነ ከርሰሩ ወዳለበት ይመለሳል። አሁንም ካልታየ ሺፍት እንደተያዘ የቀኝ ቀስትን ይምቱ፤ አንድ ፊደል ተቀልሞ ይታያል። ከዚያ ሺፍትን ለቀው የግራ ቀስትን ይጫኑና ቀለሙን ያስለቅቁ። ፊደሉ እንደተቀለመ መጻፍ ከጀመሩ ይሰረዛል። ዎርድ ላይ ሺፍት እና ኤፍ 5 አብረው ሲጫኑ መጨረሻ ወደሠሩበት ቦታ ይመልሳል።

ውፍረቱ

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ መንገዱ አንድ ነው። ኮንትሮል ፓነልን ይክፈቱ፣ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ ሴንተር» ይግቡ፣ «ሜክ ዘ ኮምፒውተር ኢዚየር ቱ ሲ» የሚለውን ይጫኑ። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው «ዩ»ን ቢመቱ ዊንዶውስ 7 ላይ በቀጥታ እዚያው ሴንተር ይደርሳሉ። ወደ ገጹ ታችኛው ክፍል ሲወርዱ «ሴት ዘ ቲክነስ ኦፍ ዘ ብሊንኪንግ ከርሰር» የሚል ሳጥን ያገኛሉ፤ ቁጥሩ ከ1 እስከ 20 ነው። ከጎኑ እንዴት እንደሚመስል የሚያሳይ ናሙና አለ። ቁጥሩን መርጠው «አፕላይ»፣ ከዚያ «ኦኬ» ይበሉ። ተከፍቶ የነበረ ፕሮግራም ለውጡን ካላሳየ ዘግተው ይክፈቱት።

የትኛውን ቁጥር? 20 ላይ መውሰድ ስህተት ነው። ከርሰሩ የሚወፍረው ወደ ቀኝ፣ ማለትም ከፊቱ ያለውን ፊደል እየሸፈነ ነው። በ12 ነጥብ ተጽፎ በ100 ፐርሰንት የሚታይ ጽሑፍ ላይ የአንድ ፊደል ስፋት ከ10 ፒክስል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ውፍረቱ 10 ሲሆን ፊደሉን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ይህ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ያስቸግራል። ለ፣ ላ እና ሎ የሚለያዩት በእግራቸው ርዝመት ብቻ ነው። የተጻፈውን መሀል ገብተው ሲያርሙ ወፍራም ከርሰር እግሩን ከሸፈነው፣ የቱ ፊደል እንደሆነ የሚታወቀው መስመሩ ድርግም ሲል ብቻ ይሆናል።

ዓይኑ ደህና ለሆነ ሰው ከ3 እስከ 5 ይበቃል፤ 5 ማለት ባለ 15.6 ኢንቹ ስክሪን ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ነው። እይታው ለደከመ ሰው 6 ወይም 7 አድርጎ የገጹን ዙም ወደ 150 ፐርሰንት ማሳደግ ይሻላል። የከርሰሩ ቁመት የፊደሉን መጠን ስለሚከተል ዙሙ ሲያድግ እሱም ይረዝማል፤ ፊደሉም ስለሚሰፋ የሚሸፈነው ድርሻ ይቀንሳል። ዎርድ ላይ ኮንትሮልን ይዞ የማውዙን ጎማ ወደፊት ማሽከርከር ዙሙን ያሳድጋል።

አማርኛ ስንጽፍ ከርሰሩ ላይ ዓይናችንን የምንጥልበት ሌላም ምክንያት አለ። በድምፅ አጻጻፍ በሚሠሩት ኪቦርዶች «ኤስ» ሲመታ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፣ አናባቢው ሲከተል እዚያው ላይ «ሰ» ወይም «ሳ» ይሆናል። ጸሐፊው ፊደሉ መለወጡን ለማየት ከርሰሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ደጋግሞ ይመለከታል። በጽሑፉ ጫፍ ላይ ሲጽፉ ከፊት የሚሸፈን ነገር ስለሌለ ውፍረቱ ምንም አይጎዳም።

ባለ ቀለም ምልክት፣ ዊንዶውስ 10 ላይ

በ2020 ከወጣው ቨርዥን 2004 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ሌላ ነገር ጨምሯል፦ ከከርሰሩ በላይና በታች የሚቀመጡ ባለ ቀለም ምልክቶች። ፊደሉን አይሸፍኑም፤ ከወፍራም ከርሰር የሚመረጡትም ለዚህ ነው። ማሽንዎ የትኛው ቨርዥን እንዳለው ለማየት የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው «አር»ን ይምቱ፣ በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ዊንቨር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። 2004፣ 20ኤች2 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ምልክቱ አለ።

ሴቲንግስ ውስጥ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ»፣ ከዚያ «ቴክስት ከርሰር» ይግቡ። «ተርን ኦን ቴክስት ከርሰር ኢንዲኬተር» የሚለውን ይክፈቱ፣ መጠኑን ይጎትቱ፣ ቀለም ይምረጡ። የደከመ ስክሪን ላይ ቢጫና ደማቅ አረንጓዴ በነጭ ገጽ ላይ ይፈዛሉ፤ ሐምራዊ ወይም ቀይ የተሻለ ነው። የውፍረቱ መጎተቻም እዚያው ገጽ ላይ ከታች አለ። ምልክቱን የማያሳዩ ፕሮግራሞች ስላሉ ውፍረቱን ቢያንስ 3 ላይ ይተዉት።

ግራጫ ገጽ ከርሰርን ይበላል

ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ከርሰሩ የራሱ ቀለም የለውም። ዊንዶውስ የሚያደርገው ከስሩ ያለውን ቀለም መገልበጥ ነው፦ እያንዳንዱን የቀለም ቁጥር (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ ከ0 እስከ 255) ከ255 ይቀንሳል። ነጭ 255፣ 255፣ 255 ስለሆነ ተገልብጦ 0፣ 0፣ 0 ይሆናል፤ ጥቁር መስመር ይታያል። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ይሆናል። ግራጫ 128፣ 128፣ 128 ላይ ግን የሚወጣው 127፣ 127፣ 127 ነው፤ ማንም ዓይን አይለየውም። ውፍረቱን 20 ቢያደርጉትም እንኳ አይታይም።

ዓይን ያሳርፋል ብለው የመስኮቱን ጀርባ መሀከለኛ ግራጫ የሚያደርጉ ሰዎች ሳያውቁት ከርሰራቸውን የሚያጠፉት በዚህ መንገድ ነው። ነጩ ከከበደዎት ክሬም ይሞክሩ፦ ሬድ 255፣ ግሪን 248፣ ብሉ 220። ሲገለበጥ 0፣ 7፣ 35 ይሆናል፤ ጥቁር ማለት ነው። ጨለማ ከወደዱ ደግሞ ወደ ጥቁር የተጠጋ ይሁን፤ መሀል ላይ አይቁሙ። የግራውን ሺፍትና የግራውን አልት ይዘው ፕሪንት ስክሪንን ቢጫኑ ሃይ ኮንትራስት ይበራል፤ ያንኑ ሲደግሙ ይጠፋል። ውበት የለውም፤ መብራቱ ለደከመ ስክሪን ግን ከየትኛውም ማስተካከያ በላይ ይረዳል።

ብልጭታው

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ኪቦርድ» ይክፈቱ፤ «ስፒድ» ከሚለው ገጽ ታች «ከርሰር ብሊንክ ሬት» አለ። ካልነኩት በቀር የሚሠራው 530 ሚሊሰከንድ በርቶ 530 ሚሊሰከንድ መጥፋት ነው። መጎተቻውን እስከ ግራው ጫፍ «ነን» ድረስ ከወሰዱት ብልጭታው ይቆማል። ቀጭን ከርሰር ግን እንዲቆም አይመከርም፤ ዓይን ጽሑፍ በሞላበት ገጽ ላይ የሚያገኘው እንቅስቃሴውን ነውና። ውፍረቱ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ብልጭታው ራስ ምታት የሚያመጣብዎት ከሆነ ያቁሙት።

የማውዝ ጠቋሚው

ዊንዶውስ 7 ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ «ማውዝ»፣ «ፖይንተርስ» ይግቡና ከ«ስኪም» ዝርዝር «ዊንዶውስ ብላክ (ኤክስትራ ላርጅ)» ይምረጡ። «ኢንቨርትድ» የሚለው እንደ ጽሑፍ ከርሰሩ ስለሚገለበጥ ግራጫ ላይ ይጠፋል። ዊንዶውስ 10 ከ1903 ቨርዥን ወዲህ በ«ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ሥር ባለው የጠቋሚው ገጽ ላይ መጠንም ቀለምም ያስመርጣል፤ ጽሑፍ ላይ የሚመጣው ዘንግም አብሮ ይለወጣል።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ባለው «ማውዝ» ሥር «ፖይንተር ኦፕሽንስ» ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። «ሃይድ ፖይንተር ኋይል ታይፒንግ» ምልክት ካለበት ሲጽፉ ጠቋሚው የሚጠፋው ሆን ተብሎ ነው፤ ያንሱት። ኮንትሮል ሲጫኑ በጠቋሚው ዙሪያ ክብ የሚያሳየውን የመጨረሻውን መስመር ደግሞ ያብሩት።

ስክሪኑ ራሱ

የቆዩ ርካሽ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ቲኤን የሚባል ስክሪን ነው ያላቸው፤ ከላይ ወይም ከታች ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል። ክዳኑን ቀስ እያሉ ወደኋላና ወደፊት ያዘንብሉና ፊደሉ በጣም ጠቁሮ የሚታይበት ቦታ ላይ ያቁሙት። ከርሰሩም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያው ነው።

ማሽኑ በባትሪ ሲሠራ ብቻ ከርሰሩ የሚፈዝ ከሆነ ጥፋቱ የኃይል ቁጠባው ነው። «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ የባትሪውን ብርሃን ከፍ ያድርጉ። የኢንቴል ግራፊክስ ያለበት ከሆነ በኢንቴል መቆጣጠሪያው «ፓወር» ክፍል «ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግ ቴክኖሎጂ»ን ያጥፉ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ መብራቱን የሚቀንሰው እሱ ነው። ፊደል ለማተለቅ ሪዞሉሽን (የስክሪኑን የፒክስል ብዛት) መቀነስ ግን አይረባም፤ ሁሉንም ነገር፣ ከርሰሩንም ጭምር፣ ያደበዝዛል። ሪዞሉሽኑን እንዳለ ትተው ዲፒአይ ወይም ስኬል የሚባለውን፣ ጽሑፉን የሚያተልቀውን፣ 125 ፐርሰንት ያድርጉት።

ማግኒፋየርም አለ፦ የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት ያበሩታል፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤስኬፕ ያጠፉታል። በኦፕሽንሱ ውስጥ «ቴክስት ኢንሰርሽን ፖይንት»ን እንዲከተል ካልታዘዘ ግን የጽሑፍ ከርሰሩን አይከተልም። ዊንዶውስ 7 ላይ ኤሮ (መስኮቶቹን መስታወት የሚያስመስለው የዊንዶውስ እይታ) የማይሠራባቸው ደካማ ማሽኖች «ዶክድ» የሚባለውን፣ ከስክሪኑ ላይኛ ጫፍ የሚቀመጠውን ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ለጽሑፍ እሱ ይበቃል።

የማይታዘዙ ፕሮግራሞች

አንዳንድ ፕሮግራም ከርሰሩን ራሱ ስለሚስል የዊንዶውስን ውፍረት አይሰማም። መለያው ቀላል ነው፦ ኖትፓድን ይክፈቱ፤ እዚያ ወፍሮ ሌላው ላይ ቀጭን ከሆነ ማስተካከያዎ ልክ ነው፣ ችግሩ የፕሮግራሙ ነው። እንዲህ ሲሆን ዙም ማሳደግና የጀርባውን ቀለም ማስተካከል ብቻ ይቀራል። ጥቁሩ የኮማንድ ፕሮምፕት መስኮት የራሱ ማስተካከያ አለው፦ የላይኛውን አሞሌ በቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ከርሰር ሳይዝ»ን «ላርጅ»። ዎርድ 2013 ላይ ከርሰሩ እየተንሸራተተ የሚከተልዎት ከሆነ በ«ኢዝ ኦፍ አክሰስ» ያለውን አኒሜሽን ማሳያ ያጥፉ፤ የቆየ ግራፊክስ ላይ መንሸራተቱ ወደ መዘግየት ይለወጣል። ዎርድ ከርሰሩን ከአይታሊክ ጽሑፍ ጋር ስለሚያዘነብለው አንድ ፒክስል ሆኖ ሲያዘነብል ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ አይታሊኩን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ያድርጉት።

ማሽኑ በዊንዶውስ ፈንታ ቀላል ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ከተጫነበት፣ «ኪቦርድ» ውስጥ «ቢሄቪየር» ላይ የብልጭታውን ፍጥነት፣ «ማውዝ ኤንድ ታችፓድ» ውስጥ «ቲም» ላይ የጠቋሚውን መጠን ያገኛሉ፤ 24 የነበረውን 48 ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም እየጻፉ ሳለ ከርሰሩ ድንገት ከቦታው ከጠፋ፣ አልታይ ብሎ ሳይሆን ዘሎ ሄዶ ነው። የአውራ ጣት ሥር ታችፓዱን ሲነካ እንደ ክሊክ ይቆጠራል፣ ከርሰሩም ማውዙ ወደነበረበት ይዘላል። «ማውዝ» ውስጥ የታችፓዱን ገጽ ይክፈቱ፤ የሲናፕቲክስ ኩባንያ ሥራ ከሆነ «ፓልም ቼክ» የሚለውን ወደ ከፍተኛው ይጎትቱ፣ ወይም በመንካት ክሊክ የሚያደርገውን «ታፒንግ» አጥፍተው በቁልፉ ብቻ ክሊክ ያድርጉ። የዩኤስቢ ማውዝ ካለ ደግሞ ሲጽፉ ታችፓዱን ጭራሽ ማጥፋት ነው፤ በብዙ ላፕቶፖች ከላይኛው የኤፍ ቁልፎች አንዱ ላይ የታችፓድ ምስል ያለበትን ከኤፍኤን ጋር መጫን ይበቃል።