«ማዮማ አለብሽ» ከተባልሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ሐዋሳ ውስጥ የአልትራሳውንድ ውጤት ይዛ የምትመጣ ሴት አስቀድማ የምትናገረው መጠኑን ነው፤ «አምስት ሴንቲ ሜትር ነው አሉኝ» ትላለች። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ግን ከመጠኑ በፊት የሚጠየቀው ቦታው ነው። ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው።

ወር አበባ በዝቷል፤ ሞዴስ በየሰዓቱ ይርሳል፣ የረጋ ደም ይወርዳል
ብዙውን ጊዜ እጢው ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል ገፍቷል። ሄሞግሎቢንሽን ተመርመሪ፤ ከ12 በታች ከሆነ ደም አንሶሻል። የአይረን ክኒን ከታዘዘልሽ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ውሰጂው፤ ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚፈላው ቡና የመድኃኒቱን ጥቅም ይቀንሰዋል። ደሙን ለመቀነስ ሆርሞን ከመጀመርሽ በፊት ልጅ እንደምትፈልጊ ለሐኪሙ ንገሪ፤ አብዛኞቹ እርግዝናንም ይከለክላሉና።

እርግዝና እንቢ ብሏል
ወደ ውስጠኛው ክፍል የገባ ማዮማ ጽንሱ እንዳይጣበቅ ሊያደርግ፣ ውርጃንም ሊያመጣ ይችላል። ወደ ውጭ ያደገው ግን በመፀነስ ላይ እምብዛም ተጽዕኖ የለውም፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ለቀዶ ሕክምና አትቸኩዪ። «ወደ ውስጥ ገብቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከገባ፣ ብዙ ጊዜ ሆድ ሳይከፈት በማህፀን በር በኩል በመሣሪያ ሊወጣ ይችላል። ለአንድ ዓመት ሞክረሽ ካልሆነ፣ ዕድሜሽ ከ35 በላይ ከሆነ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ተመርመሪ። ባለቤትሽም የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርግ! ጥፋቱን ሁሉ በሴቲቱ ማህፀን ላይ መጫን ብዙ ትዳር አድክሟል።

ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል
እጢው ፊኛን ተጭኗል። ካላስቸገረሽ ክትትል ይበቃል።

ነፍሰ ጡር ሆነሽ ሆድሽን አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ ያምሻል
እጢው የሚደርሰው ደም ሲያንሰው እንዲህ ያማል። ሐኪም ካረጋገጠው በኋላ ዕረፍትና ፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ ያስታግሱታል፤ አይቡፕሮፌን ግን በራስሽ ፈቃድ አትውሰጂ። ደም ወይም የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ። በእርግዝና ጊዜ ማዮማን ማውጣት ብዙ ደም ሊያፈስ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ አይሞከርም፤ «አሁኑኑ ይውጣልኝ» ብለሽ አትለምኚ።

አብዛኞቹ በሰላም ይወልዳሉ። ሆኖም ሕፃኑ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሳይሆን ሊቀመጥ፣ ከወሊድ በኋላም ደም ሊበዛ ስለሚችል ደምና ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ውለጂ። ከሐዋሳ ራቅ ካለ ቀበሌ ከሆንሽ ቀንሽ ሳይደርስ ወደ ከተማው ቅረቢ። ቀድሞ ማዮማ በቀዶ ሕክምና ወጥቶልሽ ከሆነ ማህፀንሽ ምን ያህል ጠልቆ እንደተቆረጠ የሚገልጸውን ወረቀት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን አሳዪ፤ በምጥ ወይስ በቀዶ ሕክምና እንደምትወልጂ የሚወሰነው በእሱ ነው።