ስቶክሆልም ላይ እንጀራዬ እንዴት ዓይን አወጣ

ከደሴ ከመጣሁ ወዲህ የምጋግረው እንጀራ ዓይን አልባ፣ ዳሩ የሚሰነጠቅ ቂጣ ነበር። የጤፍ ዱቄቱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። የዳቦ እርሾ ጨመርኩ፤ ተነፋና ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ሊጡን አምስት ቀን አቆየሁት፤ ኮመጠጠ እንጂ ዓይን የለም።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «አብሲት ጥለሻል?» አለችኝ። ስቸኩል ትቼው ነበር!

አዲስ ሊጥ አቡክቼ ሦስተኛው ቀን ላይ ያቀረረውን ውሃ ደፋሁ። ለአብሲቱ አንድ ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ ውሃ እያማሰልኩ እስኪወፍር አበሰልኩ፤ ለብ ሲል መልሼ ቀላቀልኩት። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ብርድ ሲበረታ ቡሃቃው ምድጃ ዳር ይጠጋል፤ እኔም ኦቨኑን ሳልለኩስ አምፖሉን ብቻ አብርቼ ሊጡን ውስጡ አስቀመጥኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ኩፍ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን በደንብ አግዬ ሊጡን አሰፋሁ፤ ዓይኑ ሲወጣ ከደንኩት።

ሁለተኛው እንጀራ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው። የመጀመሪያውማ የምጣድ ማሟሻ ነው፣ አይቆጠርም።