«ጀርመን ነው» ሲሏችሁ ምን ማየት አለባችሁ?

አዳማ ውስጥ መኪና ልትገዙ ከወጣችሁ፣ ደላላው ስለ ሞተሩ ከማውራቱ በፊት አገሩን ይነግራችኋል። «ኦሪጅናል ጃፓን ነው»፣ «ይሄማ ጀርመን ነው፣ ምኑን ታያለህ!» ነገሩን የጀመረው ግን ደላላው አይደለም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት የገበያ ስልት ነው፤ የአገር ስም ሲጠራ ገዢው ኮፈኑን ሳያስከፍት ልቡ ይረጋል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ያቺን የአገር ስም በደንብ ፈትሿት።

መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። ሚኒ የእንግሊዝ መኪና ተብሎ ነው የሚታወቀው፣ ባለቤቱ ግን ቢ ኤም ደብሊው ነው። የአዳዲሶቹን የኋላ መብራት ሲበራ ካያችሁት የእንግሊዝ ባንዲራ ቅርጽ አለው፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ። ካንትሪማን የሚባለው ሞዴል ይህንኑ መብራት ይዞ ለተወሰኑ ዓመታት ሲገጣጠም የነበረው ኔዘርላንድስ ነው! ቮልቮም መቀመጫው ጎን ላይ የስዊድን ባንዲራ ያለባት ትንሽ ጨርቅ ይሰፋል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የቻይናው ጂሊ ንብረት ነው። ኤም ጂም እንደዚሁ፣ ስሙ የእንግሊዝ፣ ኩባንያው የቻይና። መኪኖቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ባንዲራው የት እንደተሠሩ አይነግራችሁም ነው የምለው።

እሱን የሚነግራችሁ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ወይም በሩን ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ፈልጉት። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 17 ነው። መጀመሪያው «ጄ» ከሆነ ጃፓን፣ «ደብሊው» ጀርመን፣ «ኤል» ቻይና። «ኤም» ከሆነ ህንድ፣ ታይላንድ ወይም ኢንዶኔዥያ ሊሆን ይችላል። ዲዛየርን ብዙ ሰው ጃፓን ይላታል፤ ሱዙኪ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ እሷ ግን የምትሠራው ህንድ ነው። ቁጥሩ ከ17 አንሶ በሞዴሉ ኮድ ከጀመረ፣ እንደ ድሮዋ ቪትዝ፣ አትደንግጡ፤ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና እንደዚያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ አንዳንድ የጀርመን ኩባንያዎች ሌላ አገር ባለው ፋብሪካቸው ለሠሩትም በ«ደብሊው» የሚጀምር ቁጥር ይሰጣሉ። ያኔ 11ኛውን እዩ፤ ፋብሪካውን የሚጠቁመው እሱ ነው። እግረ መንገዳችሁን ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን መኪናው ለየትኛው ገበያ ተሠራ የሚለው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይሄ ጥያቄ ይበልጥ ከበደ። ቮልስዋገን አይዲ 6 የሚባለውን የኤሌክትሪክ መኪና እንይ። ስሙ ጀርመን ነው፣ አርማው ጀርመን ነው፣ የተሠራው ግን ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ ነው፤ ጀርመን ያለ የቮልስዋገን ሾውሩም ብትሄዱ እንኳ አይሸጡላችሁም። ስለዚህ «ጀርመን ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁን ሻጭ የቻርጅ መሰኪያውን ክፈትልኝ በሉት። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለውን የቻይና መሰኪያ ነው የሚጠቀሙት፣ አውሮፓ ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው። ልትሰኩበት ያሰባችሁት ቻርጀር ካልገጠመ የአርማው ጀርመንነት ምንም አይጠቅማችሁም። ስክሪኑንም አስበሩት፣ ሜኑው በቻይንኛ ብቻ ከሆነ ቋንቋ መቀየር ይችል እንደሆነ እዚያው ሞክሩ፤ «በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚለውን አትቀበሉ።

መለዋወጫ ስታጠያይቁም በአገር ስም አትጠይቁ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሊለያይ ይችላል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ለመካኒካችሁና ለመለዋወጫ ሱቁ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ፍሬንና ራዲያተሩ ይገኝ እንደሆነ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ይንገሯችሁ።