ትንፋሽ ሲታፈን የሚነቃውን ሕዋስ በኮምፒውተር እንዴት እንሥራው?

እስኪ ትንፋሻችሁን ትንሽ ያዙ። ያ «አሁንስ በቃኝ» የሚያሰኘው ጭንቀት በአብዛኛው የሚመጣው ከኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ አሲድ ይወጣዋል፣ አሲዱ በአንጎል ግንድ ባሉ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ላይ የፖታሲየም ቻናሎችን (ፖታሲየም የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች) ይዘጋል፣ ፖታሲየም እንደልቡ መውጣት ሲያቅተው የሕዋሱ ቮልቴጅ ከፍ ይልና የኤሌክትሪክ ምት መላክ ይጀምራል።

እኔ መጀመሪያ ላይ ጋዙን በቀጥታ ከምቱ ብዛት ጋር አገናኝቼው ነበር። ግራፉ ያምራል፣ ግን ምንም አያስረዳም። ስለዚህ ኬሚስትሪውንና ኤሌክትሪኩን ለያይታችሁ ጻፉ። የፓይዘን ፕሮግራም ቋንቋ ይበቃል።

ኬሚስትሪው አንድ መስመር ነው (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል፤ ባይካርቦኔት ደግሞ አሲዱን የሚያለዝበው ነው)፦

ፒኤች = 6.1 + ሎግ (ባይካርቦኔት ÷ (0.03 × የጋዙ ግፊት))

ባይካርቦኔት 24፣ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስታስገቡ 7.40 ካልመጣ ኮዳችሁ ተሳስቷል። ሎጉ ባለ 10 መሠረት መሆኑን አትርሱ፤ ፓይዘን ላይ ዝም ብላችሁ ሎግ ካላችሁት ሌላኛውን ነው የሚሰጣችሁ።

ቀጥሎ ቻናሉ። ክፍት የሚሆነው ድርሻ፦

1 ÷ (1 + 10 ፓወር (7.3 − ፒኤች))

ይህን በ4 ናኖሲመንስ (የቻናሉ የማሳለፍ አቅም) አባዙት፤ የፖታሲየም መመለሻ ቮልቴጅ፣ ማለትም ቻናሉ ሕዋሱን የሚጎትትበት፣ −90 ሚሊቮልት ይሁን። ከጎኑ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ፣ 2 ናኖሲመንስ፣ ወደ −30 የሚጎትት ሌላ ቻናል አድርጉ። የእያንዳንዱ ከረንት የማሳለፍ አቅሙ × (መመለሻ ቮልቴጁ − የሕዋሱ ቮልቴጅ) ነው፤ የሁለቱን ከረንት ደምራችሁ ለ100 ፒኮፋራድ (ሕዋሱ ቻርጅ የሚይዝበት አቅም) አካፍሉና ቮልቴጁን በየ0.1 ሚሊሰከንዱ አሻሽሉት። −60 ሲደርስ አንድ ምት ቁጠሩና ወደ −70 መልሱት። (ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ለመለማመጃ እንጂ ከእውነተኛ ሕዋስ የተለኩ አይደሉም።) የ1952ቱ የሆጅኪንና ሃክስሊ የነርቭ ምት ሞዴል የምቱን ቅርጽ ጭምር ይሰጣል፣ ለጅምሩ ግን ሸክም ነው።

አሁን አስኪዱት። ግፊቱ 40 ሲሆን ሕዋሱ ዝም ይላል። ግፊቱ 60 ሲሆን ፒኤች ወደ 7.22 ይወርድና በሰከንድ 18 ገደማ ምት ይመጣል። የሚገርመው 50 ላይ ነው፦ ቮልቴጁ −60.07 ላይ ቆሞ ደጃፉን ሊረግጥ ምንም አይቀረውም፣ ትንሽ የዘፈቀደ ነውጥ ብትጨምሩበት መምታት ይጀምራል። እውነተኛ ሕዋስ ደግሞ ነውጥ አያጣም፣ ስለዚህ ያለ ነውጥ የመጣ «ዝምታን» ብዙ አትመኑት።

ብዙ ሰው የሚዘለው ፈተና አለ። ግፊቱን 60 ላይ ተዉትና ባይካርቦኔቱን ወደ 36 ከፍ አድርጉት። ፒኤች ተመልሶ 7.40 ይሆናል፣ ይህ ሞዴልም ዝም ማለት አለበት። ዝም ካላለ የሆነ ቦታ ጋዙን ከምቱ ጋር በቀጥታ አያይዛችኋል ማለት ነው፤ ኮዱን መስመር በመስመር ፈልጉት።

ሌላው፣ ከሕዋሱ ውጭ ያለው ፒኤችና ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። እዚህ የተጠቀምነው የውጩን ነው። የውስጡን ከፈለጋችሁ ለብቻው ሌላ ተለዋዋጭ ስጡት፣ በሰከንዶች ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲለወጥም አድርጉት።