ካፓሲተሩ ተቀይሮ ዕቃው ለምን አልሠራም? የቁጥር ንባብ ስሕተቶችና መፍትሔያቸው

የተበላሸ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ኃይልን ለጊዜው የሚያከማች ክፍል) አውጥቶ በአዲስ የተካ ሰው ዕቃው አሁንም አልሠራ ሲለው በቅድሚያ የሚጠረጥረው የአዲሱን ጥራት ነው። ከጥራቱ በፊት ሊመረመር የሚገባው ግን የተነበበው ቁጥር ነው፤ በትናንሾቹ ላይ ቁጥሩ እንጂ መለኪያው አይጻፍምና።

ማይክሮኮንትሮለር (ዕቃውን የሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ) ያለበት ቦርድ ከጥገና በኋላ በየጊዜው እየጠፋ ራሱ የሚነሣ ከሆነ፣ በኃይል መስመሩ ላይ ያለው ክብ ሴራሚክ ካፓሲተር 104 የሚል ጽሑፍ እንደነበረውና በ100 ፒኮፋራድ (የካፓሲተር መጠን መለኪያ፤ 1,000 ፒኮፋራድ አንድ ናኖፋራድ ነው) ተተክቶ እንደሆነ ይታይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እንዳሉ ይነበባሉ፤ ሦስተኛው የሚከተሉትን ዜሮዎች ብዛት ይነግራል፤ ውጤቱም በፒኮፋራድ ነው። ስለዚህ 104 ማለት 10 እና አራት ዜሮ፣ ማለትም 100,000 ፒኮፋራድ ወይም 100 ናኖፋራድ ሲሆን፣ የተተካው ከሚፈለገው አንድ ሺኛ ብቻ ነው። በዚሁ ስሌት 223 የ22፣ 474 ደግሞ የ470 ናኖፋራድ ነው።

ክሪስታሉ (ለቦርዱ የሥራ ምት የሚሰጠው ክፍል) ፈጽሞ የማይነሣ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው በኩል ነው፤ ከክሪስታሉ ጋር የተያያዘውና 220 ተብሎ የተጻፈው ካፓሲተር እንደ 220 ፒኮፋራድ ተነቧል። የመጨረሻው 0 «ዜሮ አይጨመርም» ማለት ስለሆነ ትክክለኛው 22 ፒኮፋራድ ነው፤ 220 ቢሆን 221 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ጥርጣሬ ካለ ካፓሲተሩን ከቦርዱ አንሥቶ መለካት ይሻላል፤ ሆኖም የመልቲሜትሩ (የመለኪያ መሣሪያው) ሽቦዎች የራሳቸውን ጥቂት ፒኮፋራድ ስለሚጨምሩ፣ በባዶው የታየው ንባብ መቀነስ አለበት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የላቲን ፊደል ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ክፍል) ማንበብ የለመደውን ሰው ያሳስታል። እዚህ ላይ «ኬ» ኪሎ ሳይሆን ከተጻፈው መጠን የሚፈቀድ የ10 በመቶ መዛባት ነው፤ «ጄ» የ5፣ «ኤም» የ20 በመቶ ነው።

አዲሱ ኤሌክትሮላይቲክ (አዎንታዊና አሉታዊ እግር ያለው ካፓሲተር) ያበጠ ወይም የፈነዳ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ለሕይወት ያሰጋልና በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። በዚህ ዓይነቱ ላይ መጠኑ በማይክሮፋራድ በግልጽ ተጽፏል፤ የሚዘነጋው ቮልቱ ነው። የአገራችን 220 ቮልት ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኃይል) ሲለወጥ እስከ 311 ቮልት ስለሚደርስ፣ በኃይል ሰጪው መግቢያ ላይ 250 ቮልት የተጻፈበት አይበቃም፤ 400 ቮልት ያስፈልጋል። ሌላው ምክንያት የዋልታ መገልበጥ ነው፤ በአሉሚኒየም ካፓሲተሩ ላይ ያለው መስመር አሉታዊውን እግር ሲያመለክት፣ በታንታለም ካፓሲተሩ ላይ ያለው መስመር አዎንታዊውን ያመለክታል። ከመንካት በፊት ዕቃው ከሶኬት ይነቀል፤ የቀረው ኃይል ጥቂት ኪሎ ኦም በሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ይፍሰስ፤ ባዶ መሆኑም በመልቲሜትር ይረጋገጥ።

«ኤክስ 2» የሚል ምልክትና 275 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ኃይል) የተጻፈበት ካፓሲተር በቀጥታ በመብራት መስመሩ ላይ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ 400 ቮልት ዲሲ በሚል ተራ ካፓሲተር ፈጽሞ አይተካ። የቮልቱ ቁጥር ቢበልጥም ተራው ሲበላሽ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

በቦርዱ ላይ የተለጠፉት ጥቃቅን ቡናማ ሴራሚኮች አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጻፍባቸውም፤ ቀለማቸውም ሆነ ስፋታቸው መጠኑን አይናገርም። ለእነዚህ የሰርኪዩቱን ሥዕል ማየት፣ ካልተገኘ ከሚሠራ ተመሳሳይ ቦርድ ላይ አንዱን አንሥቶ መለካት ያስፈልጋል።