ኮፒው አለቀ ማለት ፋይሉ ደረሰ ማለት አይደለም

ጎንደር ላይ ሚሞሪ ቶሎ ቶሎ የሚሞላው በጥር ነው። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ፋሲል መዋኛ የዋለው ካሜራ ሳያርፍ ሰርግ ይቀጥላል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ካርዱን ወደ ኤክስተርናል (በዩኤስቢ ወደሚሰካ የውጭ ዲስክ) አራግፎ ለነገ ባዶ ማድረግ ግድ ነው። ፋይል የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያች የማራገፊያ ሰዓት ላይ ነው። ካርዱ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ኤክስተርናሉ ላይ ያለው ቪዲዮ መሃሉ ላይ ይቆማል፣ ወይ ጭራሽ አልከፍት ይላል።

መጀመሪያ «ከት» የሚባለውን እርሱት። ዊንዶውስ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ከት ሲያደርግ እየገለበጠ፣ ከኋላው ደግሞ ምንጩን እያጠፋ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ፣ ተጽፏል ተብሎ ገና ራም ላይ (መብራት ሲሄድ የሚጠፋው የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ላይ) የነበረ ፋይል ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል። ኮፒ ብቻ አድርጉ። ሲገለበጥም ቪዲዮዎቹን እየመረጣችሁ ሳይሆን የካርዱን ፎልደሮች በሙሉ፣ «ዲሲአይኤም»ም «ፕራይቬት»ም ካለ እንዳለ ውሰዱ። አንዳንድ ካሜራ የክሊፑን መረጃ ለብቻው ያስቀምጣልና ኤዲተሩ በኋላ ይፈልገዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ቶሎ መንቀል ነው። የኮፒው መስኮት ሲዘጋ ሁሉም ነገር ዲስኩ ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፍጥነት ለማትረፍ የመጨረሻውን ክፍል ራም ላይ ይዞ ቀስ እያለ ሊጽፍ ይችላል። ዊንዶውስ 10 ከስሪት 1809 ወዲህ ለዩኤስቢ ዕቃ «ኩዊክ ሪሙቫል» (ራም ላይ ሳያቆይ የሚጽፈው ምርጫ) ላይ ሆኖ ስለሚመጣ አደጋው ቀንሷል። በቆየ ወይም ሰው በነካካው ኮምፒውተር ግን «ቤተር ፐርፎርማንስ» ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ዲቫይስ ማናጀር፣ ዲስክ ድራይቭስ፣ የኤክስተርናሉ ስም፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፖሊሲስ ገብታችሁ እዩት። የትኛውም ላይ ቢሆን ግን ኢጀክት ሳታደርጉ (ዲስኩን ልነቅል ነው ብላችሁ ከኮምፒውተሩ ሳታስወጡ) አትንቀሉ። አልወጣም ካለ ፋይሉን የያዘ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ ማጫወቻው ወይም ኤዲቲንጉ፣ አልተዘጋም ማለት ነው። ዝጉት፤ እንደገና እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ንቀሉ።

ኤስኤምአር የሚባሉት ኤክስተርናሎች መረጃውን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ለጫፍ እየደረቡ ስለሚጽፉ፣ ረጅም ኮፒ ላይ ፍጥነታቸው ድንገት ይወርዳል። ተበላሸ ብሎ መሃል ላይ መንቀል ነው የሚያበላሸው። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት እስክታቆም ታገሡ።

ኬብሉና ኃይሉ ብዙም ትኩረት አይሰጣቸውም። 2.5 ኢንች ኤክስተርናል የሚሠራው ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኃይል ብቻ ነው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ከ500 በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በደካማ ፖርት ወይም የራሱ አዳፕተር በሌለው ሀብ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃ የሚያካፍል ማከፋፈያ) ላይ ሲሰካ ጥፍት ብልጭ ይላል። ኮምፒውተሩ በኮፒ መሃል ደጋግሞ የ«ተሰካ፣ ተነቀለ» ድምፁን ካሰማ ሥራውን አቁሙ። አጭር ኬብል ቀይሩ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፖርት ላይ ሰኩ። የዩኤስቢ 3 ፖርት ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ልዩነቱ የኃይል ብቻ አይደለም፤ 128 ጊጋ በዩኤስቢ 2 ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅ፣ በዩኤስቢ 3 ጥሩ ካርድ ሪደር ካለ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ኮፒው ባጠረ ቁጥር መብራት መሃል ላይ የመሄድ ዕድሉም ያንሳል።

ስለ መብራት ከተነሳ፣ የማራገፉን ሥራ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ሥሩ። ዴስክቶፕ ብቻ ካለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል። ዩፒኤሱ ኮፒውን ያስጨርሳል ብላችሁ አትመኑ፤ የሚሰጣችሁ ኮፒውን አቁሞ ኢጀክት ለማድረግ የሚበቃ ደቂቃ ነው። ላፕቶፑንም በሥራ መሃል እንዳይተኛ «ስሊፕ»ን «ኔቨር» ላይ አድርጉት።

የዲስኩ ፎርማትም፣ ማለትም ፋይል የሚያደራጅበት ዓይነት፣ ለውጥ አለው። ፋት 32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኮፒው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ኤክስፋት ትልቁን ይቀበላል፣ ዊንዶውስም ማክም ይጽፍበታል፤ ግን ጆርናል (ለውጡን አስቀድሞ የሚመዘግብ መዝገብ) ስለሌለው ሳይዘጋ ሲነቀል ሙሉው ዲስክ «ፎርማት አድርገኝ» ሊል ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ ጆርናል አለው። ያ የሚጠብቀው የዲስኩን አወቃቀር እንጂ በዚያች ሰዓት እየተጻፈ የነበረውን ቪዲዮ አይደለም። የምትሠሩት በዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል። ኤዲተራችሁ ማክ ካለው ኤክስፋት ይሁን፣ ምክንያቱም ማክ በራሱ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።

አሁን ዋናው፣ ማረጋገጡ። የፎልደሩን መጠን ማነጻጸር አይበቃም፤ የተበላሸ ፋይል መጠኑ ልክ ሆኖ ይገኛል። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ኮፒው ሲያልቅ ኤክስተርናሉን ኢጀክት አድርጋችሁ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩ። ይህን መዝለል አይገባም፤ ሳትነቅሉ ብታረጋግጡ ኮምፒውተሩ ራም ላይ የቀረውን ቅጂ አንብቦ «ልክ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ከዚያ የካርዱን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ»፣ «ኤስኤችኤ 256»። የሚመጣውን ረጅም ቁጥር ያዙ፤ ከፋይሎቹ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ነው። ኤክስተርናሉ ላይ ባለው ፎልደርም ድገሙትና «ዳታ» የሚለውን መስመር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለያየ የተበላሸ ወይም የጎደለ ፋይል አለ። ፎልደር ፎልደሩን፣ ከዚያም ፋይል ፋይሉን እየከፋፈላችሁ ፈልጉት።

ደግማችሁ ስትገለብጡ ልዩነቱ በየጊዜው ሌላ ፋይል ላይ ከታየ የኮምፒውተሩን ራም ጠርጥሩ፤ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» አስሩጡ። ሁልጊዜ አንዱ ፋይል ላይ ብቻ ችክ ካለ ግን ካርዱን፣ ወይም የዲስኩን ያንን ቦታ ተመልከቱ። ለዲስኩ ጤና ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት «ሪአሎኬትድ» እና «ከረንት ፔንዲንግ» የሚሉት መስመሮች ከዜሮ ካለፉና እየጨመሩ ከሄዱ፣ ያን ዲስክ ለአዲስ ሥራ አትጠቀሙበት። ቁጥሩ ከተመሳከረ በኋላም ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ሳይኖር ካርዱ ፎርማት አይደረግ።

በርካሽ የተገዛ «2 ቴራ» ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ከሆነማ ሥራ ሳይገባበት ባዶውን ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ፈትኑት። እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ያነባል። ሐሰተኛው ከእውነተኛ መጠኑ በላይ የተጻፈውን ይጥለዋል፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ባዶ ነው።

ከጎንደር በደባርቅ አድርጋችሁ ስሜን ለምትወጡ አንድ ነገር። የሚሽከረከር ዲስክ የንባብ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ በናኖሜትር የሚለካ ከፍታ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አምራቾች በብዛት እየሠራ እያለ የሚፈቅዱት ከፍታ 3,048 ሜትር ነው። ጎንደር ከተማ ችግር የለም፤ የሳንቃበር ካምፕ ግን ከዚያ በላይ ነው፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ ይብሳሉ። ጠፍቶ በሻንጣ መሄዱ አይጎዳውም። ካምፑ ላይ ለማራገፍ ግን ኤስኤስዲ ያዙ፣ አለዚያ ትርፍ ካርድ ይዛችሁ ደባርቅ ስትመለሱ አራግፉ። መኪና ውስጥ እየሄዳችሁም የሚሽከረከር ዲስክ ላይ አትገልብጡ።

ጥፋቱ ከደረሰ ደግሞ፦ «ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ «ካንስል» በሉ። ምንም አዲስ ነገር አትጻፉበት። ቼክዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ ማረሚያ) መጀመሪያ አታስሩጡ፤ እየደከመ ያለ ዲስክ ላይ የቀረውን ሊያበላሽ ይችላል። ዲስኩ የቀጭ ቀጭ ድምፅ ካለው ወዲያው ንቀሉ፣ ሶፍትዌር አይጠቅመውም፤ ከፍቶ መጠገን ለሚችል ባለሙያ ነው የሚሄደው። ድምፁ ጤነኛ ከሆነ ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም የጠፋውን ክፍልፍል (ፓርቲሽን) ሊመልስ ይችላል። ካልሆነ ፎቶሬክ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ቪዲዮና ፎቶውን ለቅሞ ያወጣል፤ የሚወጣው ግን ሌላ ዲስክ ላይ ይሁን። ፎቶሬክ የፋይሎቹን ስምና ፎልደር አይመልስም፤ ሰርጉን ከከተራው እየከፈቱ መለየት የእናንተ ሥራ ይሆናል።